አእምሮው በሌላ መንገድ የሚሠራ ባልደረባ፦ ከቢሮ እስከ ቦርድ ስብሰባ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ብዙ ዓመት በሰው ሀብት አስተዳደር፣ ከዚያም በቦርድ ጸሐፊነት ሠርቻለሁ። እዚህ የሰበሰብኳቸው ጥያቄዎች ሥራ አስኪያጆች፣ የቦርድ አባላት፣ ወላጆችና ሠራተኞች ደጋግመው የጠየቁኝ ናቸው። የአንዳንዱ መልስ አጭር ነው። ሰው በጣም ሲቸገርበት ያየሁት ላይ ግን ረዘም አድርጌያለሁ።

ኒውሮዳይቨርሲቲ ሲባል ምን ማለት ነው? እነማንን ይመለከታል?

የሰው ሁሉ አእምሮ በአንድ መንገድ አይሠራም፤ ልዩነቱም እንደ መልክና እንደ ቁመት ከሰው ልጅ ተፈጥሮ የመጣ ነው የሚል አስተሳሰብ ነው። ሐሳቡ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ኦቲዝም ያላቸው ሰዎች በኢንተርኔት ከሚያደርጉት ውይይት ተወለደ። አውስትራሊያዊቷ ጁዲ ሲንገር በ1998 በመመረቂያ ጽሑፏ ቃሉን ከተጠቀመችበት ወዲህ ደግሞ እየተስፋፋ ሄደ።

ኦቲዝም ያለው ሰው ብዙ ጊዜ የተነገረውን ቃል በቃል ይወስዳል፤ ድምፅ፣ ብርሃን ወይም ሽታ ከሌላው ሰው በላይ ሊሰማው ይችላል፤ ድንገተኛ ለውጥም ይረብሸዋል። ኤዲኤችዲ ያለው ትኩረቱን ወደፈለገበት መምራት ይቸግረዋል፤ አንድ ነገር ሲይዘው ግን ምሳውን እስኪረሳ ይሠራል። ዲስሌክሲያ ማንበብና መጻፍን ያከብዳል እንጂ ማሰብን አያከብድም። ዲስካልኩሊያ ቁጥር ላይ፣ ዲስፕራክሲያ የእጅና የአካል ቅንጅት ላይ ይታያሉ። ሁለት ሦስቱ በአንድ ሰው ላይ ተደርበው መገኘታቸውም የተለመደ ነው።

በሰፈር ቋንቋ እነዚህ ሰዎች ሌላ ስም ነበራቸው፦ «ፈዛዛ»፣ «ቀለብላባ»፣ «ልቡ የማይገኝ»፣ «ደረቅ»። ብዙዎቹ ቢሮ የገቡት እነዚህን ስሞች ከልጅነታቸው ጀምሮ ተሸክመው ነው።

በሽታ ነው? ይድናል?

አብሮን የሚያድግ የአእምሮ አሠራር ነው። እርግማን አይደለም፣ የእናት ጥፋትም አይደለም፣ ክትባትም አያመጣውም። ኤዲኤችዲ ያለበትን ሰው መድኃኒት በጣም ሊረዳው ይችላል። ኦቲዝምን የሚያጠፋ መድኃኒት ግን የለም። አንዳንዱ ሰው ዕድሜውን ሙሉ የቅርብ ድጋፍ ያስፈልገዋል፤ ሌላው ደግሞ አካባቢው ትንሽ ቢስተካከልለት ማንም ሳይረዳው ሥራውን ይሠራል።

በአዲስ አበባ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን በ2002 እ.ኤ.አ. የመሠረቱት ወ/ሮ ዘሚ የኑስ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት አጥተው ነው ሥራውን የጀመሩት። በዚያ ዘመን እንዲህ ያሉ ልጆች ከጎረቤት ዓይን ተደብቀው ጓዳ ውስጥ ያድጉ ነበር። ያኔ ልጆች የነበሩት ዛሬ ለሥራ የደረሱ ጎልማሶች ናቸው። እናቶቻቸው የትምህርት ቤት በር አንኳኩተዋል፤ አሁን ተራው የእኛ የመሥሪያ ቤቶቹ ነው።

እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ሠራተኛ የለም። ለምን እንጨነቃለን?

አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ከ127 ሰዎች አንዱ ገደማ ኦቲዝም እንዳለው ገምቷል። ኤዲኤችዲና ዲስሌክሲያ ደግሞ ከኦቲዝም ይልቅ በብዛት ይታያሉ። ሁለት መቶ ሠራተኛ ያለው መሥሪያ ቤት «የለንም» ሲል አንድም አላወቀም፣ አንድም ሰዎቹ ተደብቀውበታል።

መደበቁ ራሱ ሥራ ነው። ሳቁ የት ጋ እንደሚመጣ ማጥናት፣ የሰውን ዓይን ስንት ሰከንድ ማየት እንደሚገባ መቁጠር፣ የተላከውን ደብዳቤ ሽንት ቤት ገብቶ ሦስት ጊዜ ማንበብ። እንዲህ ሲሠራ የዋለ ሰው ማታ ቤቱ ሲገባ ለልጆቹ የሚተርፈው ጉልበት የለውም። ከጥቂት ዓመት በኋላም «ደከመኝ» ብሎ ይለቃል፤ በመልቀቂያው ላይ የሚጻፈው ግን «በግል ምክንያት» የሚል ነው።

በእኛ አገር ቢሮ ውስጥ በጣም የሚያስቸግራቸው ምንድን ነው?

ንግግራችን። ከመብራቱም ከጫጫታውም በፊት እሱን አስቀድማለሁ።

አማርኛ ሰምና ወርቅ የሚወድ ቋንቋ ነው። ቅኔ ያማረው በዚህ ነው። የሥራ ትእዛዝ በሰምና ወርቅ ሲሰጥ ግን ሰው ይጎዳል። አንድ የማውቀው ወጣት የሂሳብ ባለሙያ ነበር። አለቃው አንድ ፋይል ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦለት «ጊዜ ስታገኝ እያት እስኪ» ይለዋል። ልጁ ጊዜ አላገኘም፤ የበጀት ዓመት መዝጊያ ነበር። ስለዚህ አላያትም። በሦስተኛው ሳምንት አለቃው ንዴት እየተናነቀው እኔ ቢሮ መጣ። «ንቆኛል! ነገ ለኦዲተር የምትቀርብ ፋይል ናት!» ልጁን ጠርቼ ስጠይቀው ግራ ገባው። «ጊዜ ስታገኝ ነው ያሉኝ። አላገኘሁም» አለኝ።

አልዋሸም፣ አላመፀም። የሰማውን ነው የፈጸመው። አለቃውም ቢሆን ክፉ ሰው አልነበረም፤ በእሱ አማርኛ «ጊዜ ስታገኝ» ማለት «ቶሎ፣ ግን አክብሬህ ነው የማዝህ» ማለት ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ በእያንዳንዱ ፋይል ላይ ትንሽ ወረቀት እንዲለጠፍ ተስማማን፦ ምን እንደሚሠራበት፣ እስከ መቼ፣ ለማን እንደሚመለስ። ሁለት ወር ሳይሞላ ክፍሉ በሙሉ ወረቀቷን መጠቀም ጀመረ። ለካ ሌሎቹም ሲገምቱ ነበር የሚውሉት።

«እስኪ እናያለን» እምቢታ መሆኑን፣ «ከተቻለህ ሐሙስ» የግድ ሐሙስ መሆኑን፣ «አይ፣ ምንም አይደል» ቅያሜ መሆኑን ሁሉም ሰው በራሱ አይደርስበትም። ያልደረሰበት ሰው ሰነፍ ወይም ባለጌ አይደለም።

ከንግግር ቀጥሎ ማኅበራዊ ሕይወታችን ይመጣል። ጠዋት ቢሮ ሲገቡ ሁሉንም እየዞሩ መጨበጥ፣ ትከሻ መሳሳም፣ የቤተሰቡን ደኅንነት አንድ በአንድ መጠያየቅ። ይህን ዘሎ ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው «ኮራ» ይባላል። ምሳ ላይ ጉርሻ ሲዘረጋለት ፊቱን የሚያዞር ባልደረባ «ተጸየፈን» ተብሎ ይወራበታል፤ እሱ ግን የሌላ ሰው ጣት ከንፈሩን ሲነካው መላ ሰውነቱ ይሸማቀቃል። የበዓል ዋዜማ ቢሮው ቄጠማ ተጎዝጉዞበት፣ ቡና ተፈልቶ፣ ዕጣኑ ሲጨስ ለእኔ ደስታ ነው። ጭሱ ራሱን የሚያዞረው ሰው መኖሩን ያወቅሁት አንዲት ባልደረባዬ ደረጃ ላይ ተቀምጣ ራሷን ይዛ ሳገኛት ነው። ዕጣኑ ይቅር አልልም። መስኮት ይከፈት፤ ለአሥር ደቂቃ ብቻ መጥቶ የሚሄደውንም «የት ትሄዳለህ?» ብለን አንያዘው።

መብራትና ድምፅም አለ። የሚርገበገብ ፍሎረሰንት፣ ከመስኮት ሥር የሚያጓራ ጄኔሬተር፣ አሥራ አምስት ሰው በአንድ አዳራሽ ስልክ የሚያወራበት ቢሮ። አምፖሉን መቀየር፣ ወንበሩን ወደ ጥግ ማዞር፣ ማዳመጫ ጆሮው ላይ እንዲያደርግ መፍቀድ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

እንዲህ በግልጽ መናገር ድፍረት አይሆንም? ይሉኝታችንስ?

አክብሮትና ግልጽነት አይጣሉም። «እባክዎ ይህን ሐሙስ እስከ 9 ሰዓት ጨርሰው ይላኩልኝ» ውስጥ አክብሮቱም አለ፣ ቀኑም አለ። እንዲያውም ትልቁ ንቀት ሰው ያልተነገረውን ባለማወቁ መቅጣት ይመስለኛል።

ሌላም ነገር ልጨምር። መግባባት ሲጠፋ ጥፋቱን ሁሉ ኦቲዝም ባለው ሰው ላይ መጫን ልማድ ሆኖ ቆይቷል። እሱ ራሱ ኦቲዝም ያለው እንግሊዛዊው የማኅበረሰብ ሳይንስ ምሁር ዴሚየን ሚልተን በ2012 እ.ኤ.አ. ይህን ተቃወመ፤ አለመግባባቱ ከሁለቱም ወገን ነው አለ። በ2020 በስኮትላንድ የወጣ ጥናት ይህን የሚደግፍ ነገር አሳየ። ሰዎች ስምንት ስምንት ሆነው አንድ ታሪክ ከአንዱ ወደ ሌላው እንዲያስተላልፉ ተደረገ። ሁሉም ኦቲዝም ያላቸው በሆኑበት ሰንሰለት ታሪኩ ሁሉም ኦቲዝም በሌላቸው ሰንሰለት የተላለፈውን ያህል ደኅና ሆኖ ደረሰ። ብዙ የጠፋው ሁለቱ በተቀላቀሉበት ነው። ስለዚህ አንዱን ብቻ «መናገር አይችልም» ማለት ልክ አይደለም። ሁለት ዓይነት አነጋገር ተገናኝቶ ነው ክፍተቱ የመጣው፣ ክፍተቱንም መሙላት ያለባቸው ሁለቱም ናቸው።

ቃለ መጠይቁን እንዴት እናስተካክል?

መጀመሪያ ዓይን ማየትን ከነጥብ መስጫው ያውጡት። እኛ ልጆቻችንን ትልቅ ሰው ፊት ዓይናቸውን ሰበር እንዲያደርጉ እናሳድጋለን፤ ከዚያ ቢሮ ሲመጡ «በራስ መተማመን ይጎድለዋል» ብለን እንጽፍባቸዋለን። ኦቲዝም ላለው ሰው ደግሞ ዓይን ማየቱ ራሱ ሐሳቡን ይበትንበታል።

«እስኪ ስለ ራስህ ንገረን» የሚለውንም ይተዉት፤ የት ይጀመር፣ የት ይቁም? «ባለፈው ሥራህ የደመወዝ ሉህ እንዴት ነበር የምታዘጋጀው?» ብለው ይጠይቁ። ጥያቄዎቹን ለሁሉም አመልካች ከሁለት ቀን በፊት ይላኩ። ከሁሉ የሚሻለው ግን ማሠራት ነው። ለሂሳብ ሠራተኛ ስህተት ያለበት የሂሳብ ሉህ ሰጥቶ ስህተቱን እንዲያገኝ ማድረግ ሰዓት ሙሉ ከማውራት የበለጠ ይነግርዎታል።

ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። ኦቲዝም ያለው ልጅ አባት የሆነው ዴንማርካዊው ቶርኪል ሶነ በ2004 እ.ኤ.አ. ኦቲዝም ያላቸውን ሰዎች የሚቀጥረውን ስፔሻሊስተርነ የተባለ ድርጅት ያቋቋመው በዚሁ ሐሳብ ነው። የጀርመኑ የሶፍትዌር ኩባንያ ኤስኤፒ በ2013፣ ማይክሮሶፍት በ2015 ኦቲዝም ያላቸውን ሰዎች የሚቀጥሩበት መርሐ ግብር ጀመሩ፤ ማይክሮሶፍት የተለመደውን ቃለ መጠይቅ ትቶ ቀናት በሚወስድ የተግባር ሥራ ይመዝናል። በእስራኤልም ከ2013 ጀምሮ ኦቲዝም ያላቸው ወጣቶች በጦር ሠራዊቱ ውስጥ የሳተላይትና የአየር ፎቶግራፎችን ይመረምራሉ።

የሙከራ ጊዜን አይርሱ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም። አዲስ ቦታ ለመልመድ ጊዜ የሚወስድበት ሰው ግማሹን ቀን ማን ምን እንደሚፈልግ በመገመት ከጨረሰው ችሎታውን ሳያሳይ ይሰናበታል። በመጀመሪያው ቀን የሥራውን ዝርዝር በጽሑፍ ይስጡት፣ የሚጠይቀው አንድ ሰው ይመድቡለት፣ በየሳምንቱም ምን ጥሩ እንደሆነና ምን እንደሚቀር በግልጽ ይንገሩት።

የሐኪም ማስረጃ መጠየቅ አለብን?

እኔ አልጠይቅም። ልጆችን የሚመረምር ባለሙያ እንኳ በቀላሉ በማይገኝበት አገር ሠላሳ አምስት ዓመት የሞላውን ሰው «ወረቀት አምጣ» ማለት በሩን መዝጋት ነው። አንድ ሠራተኛ «ትእዛዝ በጽሑፍ ቢሰጠኝ ይሻለኛል» ካለ ለምን እንደሚሻለው ማስረዳት የለበትም። በጽሑፍ መስጠት ማንንም አይጎዳም። ማስረጃ የሚያስፈልገው በሕግ የሚጠየቅ መብት ወይም ትልቅ ወጪ ሲመጣ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

ስለ አካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት የወጣው አዋጅ ቁጥር 568/2000 አለ። ኦቲዝምን ወይም ዲስሌክሲያን በስም አይጠራም፤ ትርጓሜው ግን አካላዊውን ብቻ ሳይሆን የአእምሮንና የስሜት ሕዋሳትንም ጉዳት ያካትታል። አሠሪው የሥራ መሣሪያውን፣ የሥራ ሰዓቱንና የሥራ አካባቢውን ለሠራተኛው እንዲያመቻች ያዛል። በአካል ጉዳቱ ምክንያት አድልዎ ተፈጸመብኝ የሚል ሰው ክስ ሲያቀርብ የማስረዳት ሸክሙ የአሠሪው ነው፤ ይህን ብዙ የሰው ሀብት ባለሙያ አያውቀውም። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም አንቀጽ 27 ላይ የሥራ መብትን ይደነግጋል።

አሜሪካ ያላችሁ፣ በ1990 እ.ኤ.አ. የወጣው የአካል ጉዳተኞች ሕግ 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያላቸውን አሠሪዎች ያስገድዳል። ብሪታንያ ያላችሁ ደግሞ በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣው የእኩልነት ሕግ አለላችሁ፤ ለሥራ ቦታ ድጋፍ የሚሆን ገንዘብ የሚሰጥ አክሰስ ቱ ወርክ የሚባል የመንግሥት መርሐ ግብርም አለ። በጽሑፍ ጠይቁ፣ ቅጂውንም አስቀምጡ።

ወጪውስ?

ከሚፈራው በጣም ያነሰ ነው። በአሜሪካ አሠሪዎችን በነጻ የሚያማክረው ጆብ አኮሞዴሽን ኔትወርክ ለዓመታት ባደረጋቸው መጠይቆች፣ አሠሪዎች ካደረጉት ማስተካከያ ግማሽ ያህሉ ምንም ገንዘብ አላስወጣም።

ሌሎቹ ሠራተኞች «ለምን ለእሱ ብቻ?» ቢሉስ?

በመንግሥት መሥሪያ ቤት ዓርብ ዓርብ የምሳ ሰዓት የሚረዝመው ለጁምዓ ሶላት ነው። በጾም ወቅት ካፍቴሪያው የጾም ምግብ ያዘጋጃል። «ለምን ለእነሱ ብቻ?» ብሎ የሚያኮርፍ ሰው አላየሁም። የሰውን ልዩ ሁኔታ ማክበር ለእኛ ባዕድ አይደለም፤ ይህኛው ስላልታወቀ ብቻ ነው እንግዳ የሆነብን።

ከሁሉም በላይ ግን ማስተካከያውን ለሁሉም ክፍት ያድርጉት። አጀንዳ ቀድሞ ለሁሉም ይላክ፣ ጸጥ ያለው ክፍል ለሁሉም ይከፈት። ያን ጊዜ ማንም ራሱን መግለጥ አይኖርበትም።

ቦርድ ደረጃ የደረሰ ሰው እንዲህ ያለ ችግር ሊኖርበት ይችላል?

አዎ። የቤት ዕቃ ሻጩ የኢኬያ ኩባንያ መሥራች ኢንግቫር ካምፕራድ ዲስሌክሲያ ስለነበረበት የዕቃ መለያ ቁጥሮች እየተምታቱበት ወንበሩንና አልጋውን በስም መጥራት ጀመረ። ቻርልስ ሽዋብ በስሙ የሚጠራውን የኢንቨስትመንት ኩባንያ ካቆመ በኋላ ነው ልጁ ሲመረመር የራሱንም ዲስሌክሲያ ያወቀው። የአሜሪካውን የኮምፒውተር ኔትወርክ ኩባንያ ሲስኮን ከ1995 እስከ 2015 እ.ኤ.አ. የመራው ጆን ቻምበርስ ደግሞ ለረጅም ጊዜ ደብቆት ኖረ። ሠራተኞች ልጆቻቸውን ይዘው በመጡበት ቀን አንዲት ልጅ ጥያቄዋን ለመጠየቅ ስትቸገርና ስታለቅስ አይቶ፣ እሱም እንደሷ መሆኑን በሰው ፊት ነገራት።

እነዚህ ሰዎች ወንበሩ ላይ የደረሱት ኩባንያው የራሳቸው ስለሆነ ወይም ስለደበቁት ነው። ሌላው ሰው እንዲደርስ ከፈለግን ስብሰባውን መቀየር አለብን።

የቦርድ ስብሰባችንን እንዴት እንለውጥ?

በቦርድ ጸሐፊነት ካየሁት ልጀምር። አንድ አንጋፋ ነጋዴ የቦርድ አባል ነበሩ። ሰብሳቢው ቃለ ጉባኤውን በተራ ጮክ ብሎ የማስነበብ ልማድ ነበራቸው፤ ተራው እኚህ አባት ጋ ሲደርስ ሁልጊዜ «መነጽሬን ረስቻለሁ፣ እስኪ አንተ ቀጥል» ይላሉ። መነጽሩ የደረት ኪሳቸው ውስጥ ይታየኝ ነበር። እኚሁ ሰው ግን ከሦስት ዓመት በፊት የተፈቀደን ብድር ወለዱን ከነሽርፍራፊው በቃላቸው ያውቃሉ።

አንድ ማታ ደውዬ «ጋሼ፣ ሰነዱ ረጅም ነው፤ ቢፈቅዱልኝ ዋና ዋናውን በስልክ ላንብብልዎ?» አልኳቸው። ዝም አሉ። ረጅም ዝምታ ነበር። «እስኪ አንብብልኝ የኔ ልጅ» አሉ። ከዚያ በኋላ በየስብሰባው ዋዜማ መደወል ልማዴ ሆነ። በሦስተኛው ወር አንድ የግዢ ውል ሳነብላቸው አስቆሙኝ፤ የቅድሚያ ክፍያውና የመጨረሻው ክፍያ ተደምረው ከጠቅላላ ዋጋው እንደሚበልጡ በጆሯቸው ሰምተው አገኙት። ሌሎቹ የቦርድ አባላት ያንን ገጽ አንብበው አልፈውታል። ዲስሌክሲያ ይሁን ሌላ፣ እሳቸውም አልነገሩኝም እኔም አልጠየቅኋቸው። መጠየቅም አላስፈለገኝም።

ፊደላችን ራሱ ለእንዲህ ያለ አንባቢ ቀላል አይደለም። «በ»ን ከ«ቡ»ና ከ«ቢ» የምትለየው አንዲት ትንሽ ጭረት ናት፤ «ሰ»ና «ስ»ም እንደዚያው። መጥበቅና መላላት አይጻፍም፤ «ገና» ጊዜው አልደረሰም ይሁን በዓሉ፣ ዓረፍተ ነገሩን ጨርሶ ነው የሚታወቀው። በዚህ ላይ ፎቶኮፒው የደበዘዘ፣ ፊደሉ የደቀቀ 120 ገጽ ሰነድ በዋዜማው ማታ ይላካል። በንግድ ሕጋችን የቦርድ አባላት ለውሳኔያቸው ተጠያቂ ናቸው። አንብቦ ሊጨርሰው በማይችለው ወረቀት ሰውን ተጠያቂ ማድረግ በማንም ላይ ልክ አይደለም።

እኔ ቢጠይቁኝ ሰነዱ ቢያንስ ከሰባት ቀን በፊት ይሂድ እላለሁ። ከፊቱ አንድ ገጽ ይኑረው፤ ምን እንደሚወሰን፣ አማራጮቹ ምን እንደሆኑ፣ ሥራ አመራሩ የቱን እንደሚደግፍ። ያው ገጽ በድምፅ ተቀድቶ በቴሌግራም ይላክ፤ አንድ ጸሐፊ በአሥር ደቂቃ ይጨርሰዋል። ጮክ ብሎ ማንበብ ለፈቃደኛ ብቻ ይሁን። በአሜሪካው የኢንተርኔት ንግድ ኩባንያ አማዞን ውስጥ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስብሰባ የሚከፈተው ስድስት ገጽ ጽሑፍ ሁሉም ተቀምጦ በዝምታ በማንበብ ነው። ሐሳቡ በጩኸት መሀል ማሰብ ለሚያቅተው ሰው ግሩም ነው፤ ዲስሌክሲያ ላለው ግን ጎኑ ያለው ሰው ገጽ ሲገልጥ እያየ በሰዓት ማንበብ ስቃይ ይሆናል። ለአንዱ የሚበጀው ሌላውን እንደሚጎዳ እያወቁ መንገዱን ሁለት ማድረግ ነው ያለው። ቀድሞ ያነበበ ይምጣ፣ እዚያው ማንበብ የፈለገም ጊዜ ይሰጠው።

የሰብሳቢው ድርሻ ከሁሉ ይበልጣል። «ተቃውሞ አለ? የለም። ጸድቋል» ተብሎ በአራት ሰከንድ የሚያልፍ ውሳኔ፣ ሐሳቡን ለማደራጀት አንድ ደቂቃ የሚያስፈልገውን አባል ድምፅ ይነጥቃል። ዝምታ ስምምነት ነው የሚለው አባባል ቦርድ ውስጥ ብዙ ገንዘብ አስበልቷል። ጥያቄውን ያቅርቡ፣ ሁለት ደቂቃ ይስጡ፣ ከዚያ እያንዳንዱን በስም ይጠይቁ፤ በጽሑፍ መስጠት የፈለገም በጽሑፍ ይስጥ። ከባድ ጉዳይ ሲሆን ውይይቱን ከእረፍት በፊት፣ ድምፅ መስጠቱን ከእረፍት በኋላ ያድርጉት። ኤዲኤችዲ ያለው አባል ቆሞ ከኋላ ወዲያ ወዲህ ቢል፣ እጁ ላይ እስክሪብቶ ቢያሽከረክር ይተዉት፤ እየሰማ ነው። አራት ሰዓት ሙሉ ያለ እረፍት መቀመጥም ጀግንነት አይደለም።

የቦርድ አባላትን የሚያጭ ኮሚቴ ካላችሁ መመዘኛችሁን እዩት። «ንግግር አዋቂ»፣ «ከሰው ጋር ተግባቢ» የሚሉ መስፈርቶች ሥራው የሚፈልጋቸው ናቸው ወይስ እኛን የሚመስል ሰው እንድንመርጥ የሚረዱን?

ሁሉም ልዩ ተሰጥኦ አላቸው አይደል?

የላቸውም፣ እንዲኖራቸውም አይገደዱም። ከሁለት መቶ ሠራተኛ ስንቱ ነው ልዩ ተሰጥኦ ያለው? መካከለኛ ጸሐፊ ሆኖ በሰላም ሠርቶ ደመወዙን መውሰድ የማንም መብት ነው።

ተሳስቶ ሲገኝ መገሠጽ አይቻልም ማለት ነው?

ይቻላል፣ ይገባልም። ብቻ የተሳሳተው ምን እንደሆነ በትክክል ይነገረው፣ ብቻውን ይነገረው፣ በአሽሙር አይነገረው። «አንዳንድ ሰዎች ሰዓት አያከብሩም» ተብሎ በስብሰባ ሲነገር ኦቲዝም ያለው ሰው ስለ ሌላ ሰው የሚወራ መስሎት በሰላም ቤቱ ይሄዳል።

ራሴ እንዲህ ነኝ ብዬ እገምታለሁ። ለአለቃዬ ልንገር?

ይህን የምወስንልህ ወይም የምወስንልሽ እኔ አይደለሁም። ስሙን መናገር ያመጣውን ደግ ነገርም አይቻለሁ፣ ሐሜትም አይቻለሁ። መካከለኛ መንገድ ግን አለ። ስሙን ትቶ የሚያስፈልገውን መጠየቅ፦ «ጠዋት ለሁለት ሰዓት ያህል ያለ ስልክ ብሠራ ሪፖርቱን ቶሎ አደርሳለሁ»፣ «ከስብሰባ በኋላ የተወሰነውን በኢሜይል ብትልኩልኝ አልስትም»። ከሥራው ጥቅም ጋር አያይዞ የተጠየቀ ነገር ብዙ ጊዜ እሺ ይባላል። አለቃው ምን ዓይነት ሰው መሆኑ በዚያው ይታያል፤ ቀሪውን ከዚያ በኋላ መወሰን ይቻላል።

እናት ነኝ። ልጄ ኦቲዝም አለው፣ ተመርቆ ሁለት ዓመት ቤት ተቀምጧል። ከየት ልጀምር?

ልጅዎ የሠራውን ነገር በእጅዎ ይያዙ። የተየበው ሰነድ፣ ያስተካከለው ሠንጠረዥ፣ የጠገነው ስልክ። «ልጄ ጎበዝ ነው» ከማለት እሱን ማሳየት ይበልጣል። ቋሚ ቅጥር ሳይሆን የሦስት ሳምንት ሙከራ ይጠይቁ፤ ይህን እሺ ማለት ለብዙ አሠሪ አያስፈራም። ምን እንደሚረዳውና ምን እንደሚረብሸው በአንድ ገጽ ይጻፉ፣ ከእሱ ጋር ተቀምጠው ይጻፉት፣ የእሱ ቃል ይሁን። አሠሪው ሲያነጋግረው ቀድመው አይመልሱለት፤ ቢዘገይም ይመልሳል።

ሥራው ከተገኘ ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን በፊት መንገዱን አብረው ይሂዱበት፤ ሁለት ሦስቴ፣ እሱ በሚሄድበት ሰዓት። የታክሲው ሰልፍ የት እንደሚጀምር፣ የረዳቱ ጩኸት ምን እንደሚመስል፣ «ወራጅ አለ» የሚለው የቱ ሕንፃ ጋ ሲደርስ እንደሆነ ይወቅ። በሦስተኛው ቀን እርስዎ ከኋላ ወንበር ይቀመጡ፣ እሱ ይክፈል፣ እሱ ያስወርዳችሁ።